ያለፈ ሞት፣ የሚመጣ ሞት



ኢየሩሳሌም ውስጥ ገና ጎህ ሳይቀድ አንድ ሰው ከስንዝር የሚረዝም የብረት ቁልፍ ይዞ በድንጋይ በተነጠፈው ጠባብ መንገድ ይመጣል። የሚከፈተው በር የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን በር ነው። ክርስቲያኖች ጌታቸው ተሰቅሎ የሞተው፣ ተቀብሮም የተነሣው እዚህ ነው ይላሉ። ቁልፉን የሚጠብቀው ግን የጁዴህ ቤተሰብ ነው፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋውም የኑሰይባ ቤተሰብ። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። አደራው ቢያንስ ሰላሐዲን ከተማዋን ከያዘበት ከ1187 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንደመጣ ይነገራል። (በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያው ሕንጻ ሰገነት ላይ፣ በዴር ሱልጣን ገዳም፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በጭቃ ቤቶቻቸው ሆነው ጸሎት ያደርሳሉ።

በበር ከፋዩ ሃይማኖት መሠረት፣ በዚያ ሕንጻ ውስጥ የሚታሰበው ስቅለት ሙስሊሞች ዒሳ በሚሉት በኢየሱስ ላይ አልደረሰም። የሚገቡት ምእመናን ደግሞ ያ ስቅለት ካልደረሰ እምነታቸው መሠረት እንደሌለው ያውቃሉ። ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ነገር አይከራከሩም፤ መቃብሩ ባዶ ነው። ክርስቲያኑ «ተነሥቷል» ይላል፤ ሙስሊሙ «ድሮውንም አልገባበትም» ይላል።

ወደ ክርክሩ ከመግባት በፊት ኢየሱስን «የጋራ ነቢይ» ብሎ መጥራት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሙስሊሙ ዒሳ፣ ዐለይሂ ሰላም፣ ከታላላቆቹ የአላህ መልእክተኞች አንዱ ነው። ለክርስቲያኑ ኢየሱስ ነቢይ ተብሎ ቢጠራም በዚያ አይቆምም፤ ሥጋ የለበሰ አምላክ ነው። ስለ ሞቱ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። አንደኛው ወገን የሚናገረው ስለ አንድ ክቡር ባሪያ ዕጣ ነው፤ ሌላው ስለ ራሱ ስለ አምላክ ሥራ ይናገራል።

የሚስማሙበት ግን ብዙ ነው። ሁለቱም ከድንግል ማርያም ያለ አባት እንደተወለደ ያምናሉ። ቁርኣን በስሟ የሚጠራ ምዕራፍ አለው፤ በመጽሐፉ በስም የተጠቀሰች ብቸኛዋ ሴትም እርሷ ናት። ሁለቱም መሲሕ ይሉታል፤ ዕውር እንዳበራ፣ ለምጻም እንዳነጻ፣ ሙታንን እንዳስነሣ ይመሰክራሉ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት እንዳለ፣ ወደ ሰማይ እንደተወሰደ፣ በዘመን ፍጻሜ እንደሚመለስ ያስተምራሉ። የሚለያዩት በአንድ ዓርብ ላይ ነው። ለክርስቲያኑ የኢየሱስ ሞት ያለፈ ነው። ለብዙኃኑ ሙስሊም ግን የዒሳ ሞት ገና የሚመጣ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በየሰፈሩ «እስላሞች ዒሳ አልሞተም ይላሉ» ሲባል ይሰማል። ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። እስልምና ዒሳ ከሞት ነጻ ነው አላለም። እንደ ማንኛውም የአደም ልጅ ይሞታል፤ ቀኑ ገና ነው እንጂ።

ሁለቱ እምነቶች ስለዚህ ሰው ፊት ለፊት ከተነጋገሩባቸው የመጀመሪያዎቹ መድረኮች አንዱ የአክሱም ችሎት ነበር። በእስላማዊው የታሪክ መዝገብ መሠረት በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በነጋሺው ፊት ቀረቡ። ተወካያቸው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ከመርየም ምዕራፍ መጀመሪያ አነበበ፤ ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ። የመካው ነገድ ቁረይሾች የላኩት ዐምር ኢብኑል ዓስ በማግሥቱ ሌላ ዘዴ ሞከረ። እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉና ጠይቃቸው አለ። ጃዕፈር ያንን አልሸሸገም። ዒሳ የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛውም፣ ወደ ድንግሊቱ የተጣለ ቃሉና መንፈሱ ነው ሲል መለሰ። ዘገባው ነጋሺው ከመሬት ትንሽ እንጨት አንሥቶ በእኛና በእናንተ መካከል ከዚህ የበለጠ ልዩነት የለም ማለቱን ይተርካል።

ልብ በሉ፤ በዚያ ችሎት የተነሣው ጥያቄ ስለ ማንነቱና ስለ ልደቱ ነው። ስለ ስቅለት ማንም አልጠየቀም። የስቅለቱን ነገር በቀጥታ የሚያነሣው የኒሳእ ምዕራፍ በሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ ከመዲና ዘመን ይቆጠራል። የአክሱሙ ጉባኤ ደግሞ ከስደተ መዲና በፊት ነበር። ጥያቄው ያን ዕለት ቢነሣ ኖሮ ያቺ ትንሽ እንጨት ትበቃ ነበር ወይ የሚለውን ለአድማጭ መተው ይሻላል።

እስቲ በመጀመሪያ የክርስቲያኑን ወገን እንስማ።

ጴጥሮስና ጳውሎስ በየከተማው ሲዞሩ ያሰሙት ዜና በሮማ ዓይን አሳፋሪ ነበር። አማርኛ ስቅላትንና ስቅለትን በአንዲት ፊደል ይለያቸዋል፤ ስቅላት የወንጀለኛ፣ ስቅለት የክርስቶስ። ለሮማ ወታደር ግን ሁለቱ አንድ ነበሩ፤ ለባሪያና ለዓመፀኛ የሚበየን፣ የሮማ ዜጋ አብዛኛውን ጊዜ የማይነካበት ቅጣት ነው። በ1968 ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን በአንድ የዐፅም ሣጥን ውስጥ የብረት ምስማር እንደተሰካበት የቀረ የተረከዝ አጥንት ተገኝቷል። የሟቹ ስም የሆሐናን ይባላል። ወንጌል የሚተርከው ዓይነት ቅጣት በዚያች ከተማ በዚያ ዘመን ይፈጸም እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

ፈራጁም የተረት ሰው አይደለም። ጰንጥዮስ ጲላጦስ ከ26 እስከ 36 ይሁዳን ገዝቷል፤ ስሙና ማዕረጉ የተቀረጸበት ድንጋይ በ1961 በቂሳርያ ተገኝቷል። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስ በ116 ገደማ ስለ ኔሮን የቃጠሎ ዘመን ሲጽፍ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ መገደሉን እግረ መንገዱን ጠቅሷል፤ ታኪቱስ ለክርስቲያኖች ጥላቻ እንጂ ፍቅር አልነበረውም። ከእርሱ ስድሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሞቱን፣ መቀበሩንና በሦስተኛው ቀን መነሣቱን ራሱም ከቀደሙት ተቀብሎ እንዳስተላለፈው ይናገራል። በ325 የኒቅያ ጉባኤ መከራ መቀበሉን ብቻ ነበር ያወጀው። በ381 የቁስጥንጥንያው ጉባኤ መሰቀሉን ከነጲላጦስ ስም ጨመረበት። ስለዚህ እስከ ዛሬ ክርስቲያኖች ጸሎተ ሃይማኖት ባደረሱ ቁጥር የአንድ ሮማዊ ሹም ስም ይጠራሉ። ሞቱ ዘመንና ፈራጅ ያለው፣ በምድር ላይ የተፈጸመ ነገር መሆኑን ለማስረገጥ ነው።

ክርስትና ግን ይህን ሞት የሚያነበው እንደ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአዳም ዕዳ የተከፈለው በዚህ ሞት ነው ይላል። ለዚህም ነው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሕይወት ውስጥ የሰሙነ ሕማማት ዓርብ የዓመቱ ከባዱ ቀን የሆነው። ከማለዳ ጀምሮ ይሰገዳል፤ ጉልበት እስኪዝል። አመሻሹ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባ ይጠበጥባል፤ ተጨማሪ ስግደትም ያዝዛል። አክፋዩ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ አይቀምስም። በቀዳም ስዑር ቄጤማው በየቤቱ ሲደርስ ሐዘኑ መላላት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሞቱ በእርግጥ ሆኗል ከሚል እምነት የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሙስሊሙ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ አምላክ እንዴት ይሞታል? ጥያቄው ለክርስቲያኖችም ባዕድ አይደለም። በአምስተኛው መቶ ዘመን በሦስቱ ቅዱስ ጸሎት ላይ «ስለ እኛ የተሰቀለው» የሚል ሐረግ በመጨመሩ የአንጾኪያና የቁስጥንጥንያ ሰዎች ክፉኛ ተጣልተዋል። የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉት ጸሎቱ ለሥላሴ ስለሚቀርብ አብና መንፈስ ቅዱስም ተሰቀሉ ያሰኛል ብለው ፈሩ። የተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ጸሎቱ ለወልድ የቀረበ ነው በማለት ሐረጉን ይዘው ቀሩ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ ጋር ናት። ትምህርታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ቃል በለበሰው ሥጋ ሞተ፤ መለኮቱ ግን ከሥጋውም ከነፍሱም አልተለየም፣ ሞትም አልነካውም። ሙስሊሙ በዚህ መልስ ላይረካ ይችላል። ነገር ግን ክርስቲያኑ ሳያስብበት የተናገረው ነገር እንዳልሆነ ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቁርኣን።

የስቅለቱን ነገር በግልጽ የሚነካው የኒሳእ ምዕራፍ 157ኛውና 158ኛው አንቀጽ ብቻ ነው። አውዱ ወቀሳ ነው። መሲሑን ገደልነው ብለው የፎከሩ ሰዎች ይወቀሳሉ። አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትምም፤ ነገሩ ተመሰለባቸው፤ የሚከራከሩበትም በግምት እንጂ በዕውቀት አይደለም፤ አላህ ወደ ራሱ አነሣው ይላል መልእክቱ። ከዚህ ያለፈ ዝርዝር የለም። በምትኩ የተሰቀለ ሰው ስም የለም፤ ይሁዳ አልተጠቀሰም፤ ስምዖን አልተጠቀሰም። «ቁርኣን የተሰቀለው ይሁዳ ነው ይላል» የሚል ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ መጽሐፉ ያላለውን ያስብለዋል።

ክርክሩ ሁሉ ያለው «ሹቢሀ» በሚለው አንድ ግሥ ውስጥ ነው። ተመሰለ፣ ተደናገረ ማለት ነው። ምን ተመሰለ? ሰውየው ወይስ ነገሩ? በ1144 ያረፈው የሰዋስው ሊቅ ዘመኽሸሪ ግሡ ባለቤቱን በግልጽ እንደማያሳይ አስተውሎ ሁለቱንም አማራጭ አቅርቧል። ይህን ክፍተት የሞሉት ትረካዎች ናቸው። በ923 ያረፈው ጦበሪ ብዙዎቹን በተፍሲሩ፣ ማለትም በቁርኣን ማብራሪያው፣ ሰብስቧል። ከየመናዊው ወህብ ኢብን ሙነቢህ በደረሰው አንድ ዘገባ፣ ወታደሮቹ ቤቱን ሲከቡ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ የዒሳን መልክ ይዘው ተገኙ። ወታደሮቹም ግራ ተጋቡ፤ ዒሳን ካላወጣችሁ ሁላችሁንም እንፈጃለን ሲሉ አንዱ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ጦበሪ ያደላው ወደዚህኛው ነበር።

በሰፊው የታወቀው ግን ከኢብን ዐባስ የሚተረከው ነው። ዒሳ ከራሱ ውኃ እየተንጠባጠበ ወደ ጓደኞቹ ወጣና የእኔን መልክ ለብሶ በእኔ ፈንታ የሚገደል፣ በጀነት ከእኔ ጋር የሚሆን ማነው ብሎ ጠየቀ። በዕድሜ ትንሹ ልጅ ተነሣ። ተቀመጥ አለው። ደግሞ ሲጠይቅ ያው ልጅ ተነሣ። በሦስተኛው ዒሳ እሺ አለ፤ እርሱም በቤቱ ጣሪያ ባለ መስኮት ወደ ሰማይ ተወሰደ። በ1373 ያረፈው ኢብን ከሢር ይህን ዘገባ የአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት ጤነኛ ነው ብሎታል። ክርስቲያን አድማጭ እዚህ ላይ የሚያስገርመው ነገር ያገኛል፤ ስለ ሌላው ሲል በፈቃዱ የሚሞት ሰው በዚህም ትረካ አለ። የተለወጠው ማን ስለ ማን ሞተ የሚለው ነው።

ሙስሊም ሊቃውንትም ትረካዎቹን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በ1210 ያረፈው ፈኽረዲን ራዚ ጠንካራ ጥያቄ ያነሣው በራሱ ወገን ላይ ነው። አላህ የአንዱን መልክ በሌላው ላይ ይጥላል ካልን፣ ዛሬ ዘይድ ብዬ የማየው ሰው ዘይድ ለመሆኑ ምን ዋስትና አለ? ጋብቻውስ፣ ውሉስ፣ ምስክርነቱስ? ብዙ ሰው አይቶ ለብዙ ሰው ያስተላለፈው ወሬ ከተጠረጠረ፣ የሃይማኖት ዕውቀት ራሱ በምን ይቆማል? ራዚ ለእያንዳንዱ መልስ ሞክሯል፤ በመጨረሻም በቁርኣኑ ቃል ጸንቷል። ጥያቄዎቹን ግን አልደበቃቸውም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ክርስቲያኑ ታኪቱስንና ጳውሎስን ጠቅሶ ሕዝብ ያየው ነገር ነው ሲል፣ ባህላዊው ሙስሊም መልስ ሕዝቡ አላየም የሚል አይደለም። መስቀል ነበር፤ ወታደር ነበር፤ ሲሰቀል ያዩትም ነበሩ። ጥያቄው የተሰቀለው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህም ነው ሁለቱ ወገኖች በታሪክ ማስረጃ ብቻ ሲሟገቱ ብዙ ጊዜ የማይገናኙት፤ አንዱ ዓይን ስላየው ሲናገር ሌላው ዓይን ስለ ተታለለበት ይናገራል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ቃል «ተወፋ» ነው። በኣሊ ዒምራን ምዕራፍ አላህ ዒሳን እንደሚወስደውና ወደ ራሱ እንደሚያነሣው ሲነገረው ይኸው ግሥ ገብቷል። ዛሬ ዐረቡ «ወፋት» ሲል ሞት ማለቱ ነው። የግሡ ሥር ግን የሚገባን ነገር ሙሉ በሙሉ መረከብ ሲሆን፣ ቁርኣን በሌላ ቦታ ለእንቅልፍም ተጠቅሞበታል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ጋሼ አረፉ» ሲባል ሰውየው ከእርሻ ገብተው ጋደም ብለው ይሆናል፤ ወይም ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። ጦበሪ ሦስት አስተያየቶች መዝግቧል፤ አስተኝቶ ወሰደው፣ በሕይወቱ ተረከበው፣ ለጥቂት ሰዓታት ገድሎ አነሣው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው የአማርኛ ቁርኣን ተርጓሚዎች «ወሳጂ» የሚለውን መርጠዋል። ብዙኃኑ ሊቃውንት የሄዱበት መንገድም ይኸው ነው።

ታዲያ ዒሳ መቼ ይሞታል? መልሱ ወደ ደማስቆ ይወስዳል።

የደማስቆ የኡመያድ መስጊድ ከ706 እስከ 715 ባለው ጊዜ የተሠራው በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ስፍራ ነው። በደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ያለው ሚናራ የዒሳ ሚናራ ይባላል። በሙስሊም ሐዲስ መሠረት ዒሳ ከደማስቆ በስተምሥራቅ ባለው ነጭ ሚናራ ይወርዳል፤ ሐሰተኛውን መሲሕ ደጃልን ይገድላል፣ መስቀልን ይሰብራል፣ በፍትሕ ይገዛል። ከዚያ ይሞታል፤ ሙስሊሞች የቀብር ጸሎት ይሰግዱበታል። በመዲና ከነቢዩ ሙሐመድ፣ ከአቡ በክርና ከዑመር መቃብር አጠገብ አንድ ሰው የሚቀበርበት ባዶ ቦታ ለእርሱ እንደተጠበቀ በትውፊት ይነገራል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በዐቢይ ጾም እኩሌታ ደብረ ዘይት በምትለው እሑድ ስለ ዳግም ምጽአቱ ታስተምራለች። ሁለቱም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንዱ ሞትን ድል ነሥቶ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ ሌላው ሥራውን ጨርሶ ሊሞት የሚመጣውን።

በዚያው መስጊድ መሐል የያህያ፣ የክርስቲያኖቹ የመጥምቁ ዮሐንስ፣ ራስ ያረፈበት ነው የሚባል መካነ መቃብር አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያከብረዋል፤ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በግንቦት 2001 መስጊዱን ሲጎበኙ በዚያ ቆመው ጸልየዋል። ይህ መቃብር «እስልምና ነቢይ ይገደላል ብሎ ስለማያምን ስቅለቱን ካደ» የሚለውን የተለመደ አባባል ያፈርሰዋል። ቁርኣን የእስራኤል ልጆች ነቢያትን እንደገደሉ ደጋግሞ ይናገራል። የያህያ መገደልም በሙስሊም ትውፊት የታወቀ ነው።

ይህንን ነጥብ ከሺህ ዓመት በፊት ያነሣው አንድ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ነበር። በ781 ገደማ ባግዳድ ውስጥ ቀዳማዊ ጢሞቴዎስ ከኸሊፋው መህዲ ጋር ሁለት ቀን ተወያይቷል። ኸሊፋው አላህ ዒሳን ስላከበረው በአይሁድ እጅ እንዲሞት አልተወውም አሉ። ጢሞቴዎስ ነቢያት ተገድለዋል፤ መገደላቸውም ክብራቸውን አልቀነሰም ሲል መለሰ። ከመርየም ምዕራፍም ዒሳ ስለሚሞትበት ቀን የሚናገረውን አንቀጽ አነሣ። የሙስሊሙ መልስ ከላይ እንዳየነው ነው፤ ይሞታል፣ ግን ወደፊት። የሚያስደንቀው ክርክሩ በቤተ መንግሥት፣ በጨዋ ቃል፣ ያለ ጩኸት መካሄዱ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ክርክር በጽሑፍ ደርሷል። ከየመን የመጣውና በሙስሊምነት ያደገው እንባቆም በደብረ ሊባኖስ መንኩሶ አበምኔት ሆኗል። በአሕመድ ግራኝ ጦርነት መሐል፣ በ1540 ገደማ፣ በግእዝ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ ለክርስትና የሚከራከረው ከቁርኣኑ እየጠቀሰ ነው።

በሃያኛው መቶ ዘመን ደግሞ መድረኩ ተለወጠ። ደቡብ አፍሪቃዊው አሕመድ ዲዳት በ1981 በደርባን ከተማ ከአሜሪካዊው ሰባኪ ጆሽ ማክዶዌል ጋር ስለ ስቅለቱ ተከራከረ። የዲዳት ክርክር በቪዲዮና በትንንሽ መጻሕፍት ኢትዮጵያም ደርሶ፣ ክርስቲያኖቹም በምላሹ ካሴት አወጡ። ዲዳት የተከራከረው ከባህላዊው ተፍሲር በተለየ መንገድ ነበር። ኢየሱስ ወደ መስቀል ወጥቶ ነበር፣ ግን ሳይሞት ወረደ የሚል ነው። ይህ ከአሕመድያ ንቅናቄ መሥራች ከሚርዛ ጉላም አሕመድ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ ሚርዛ ኢየሱስ ከመስቀል ተርፎ ወደ ካሽሚር ተሰደደ፣ መቃብሩም በስሪነገር ነው ብሎ ጽፏል። ብዙኃኑ ሙስሊም ይህን አይቀበልም። የይሁዳውን ታሪክ ያስፋፋው ደግሞ በዋናነት የበርናባስ ወንጌል የተባለው ነው። የሚታወቀው ሙሉ የጣልያንኛ ቅጂ ከ16ኛው መቶ ዘመን አይቀድምም፤ ኢዮቤልዩ በየመቶ ዓመቱ ይከበራል ይላል። በየመቶ ዓመቱ የሚከበር ኢዮቤልዩ የመጣው የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ ስምንተኛ በ1300 ባወጁት ነው።

በሙስሊሙ ዓለም ውስጥ ሌሎች ድምፆችም ነበሩ። በአሥረኛው መቶ ዘመን በበስራ የነበሩት ኢኽዋኑ ሰፋ የተባሉት ፈላስፎች ሥጋው ተሰቅሏል ብለው ጽፈዋል። የኋላው የአልአዝሃር ሸይኽ ማሕሙድ ሸልቱት በ1942 በሰጡት ፈትዋ ዒሳ በሥጋው ወደ ሰማይ ለመነሣቱ ከቁርኣንም ከሐዲስም አስገዳጅ ማስረጃ የለም፤ ዘመኑን ጨርሶ ሞቷል፣ የተነሣውም ማዕረጉ ነው አሉ። ብዙ ሊቃውንት ተቃወሟቸው። ግብፃዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሙሐመድ ካሚል ሑሰይን ደግሞ በ1954 ያወጣው «ቀርየቱን ዛሊማ» የተባለ ልቦለድ ያችን ዓርብ ይተርካል። የተሰቀለው ማን እንደሆነ አይወስንም፤ የሚመረምረው ንጹሑን ለመግደል የተስማማውን ሕዝብ ኅሊና ነው። ሙስሊም ሆኖ ስለዚያ ቀን ብዙ የሚባል ነገር እንዳለ ያሳየ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ የልዩነቱ ሥር የት ነው? ከታሪክ ማስረጃው በታች፣ ከግሥ እርባታው በታች፣ በሰው ኃጢአት ጥያቄ ላይ ነው። በቁርኣን አደም ተጸጸተ፣ አላህም ይቅር አለው፤ ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም። በዚህ ትምህርት ውስጥ ስለ ሌሎች የሚሞት ቤዛ ቦታ የለውም። ስለዚህ የዒሳ ሞት፣ ቢሆንም ባይሆንም፣ የሙስሊሙን መዳን አይነካም። በክርስትና ግን የአዳም ውድቀት ለልጆቹ ተርፏል፤ የተፈታውም በመስቀል ላይ ነው። ሙስሊሙ የአላህን ኃይል የሚያየው መልእክተኛውን ከጠላት እጅ በማዳኑ ነው። ክርስቲያኑ የእግዚአብሔርን ፍቅር የሚያየው ራሱን ለጠላት እጅ በመስጠቱ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ትክክል ናቸው ብሎ ማለባበስ ለማንም አይጠቅምም። ያ ዓርብ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ይህን ያህል በቁም ነገር ይዘውታል።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ምናልባት ጎረቤታችሁ፣ የሥራ ባልደረባችሁ ወይም አማታችሁ የሌላኛው እምነት ሰው ይሆናሉ። ይህ ዲስኩር የሚለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በሌላው ስም ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁት። ሙስሊሙን «ዒሳ ዛሬ የት ነው? መቼ ይሞታል?» በሉት። ክርስቲያኗን «በመስቀል ላይ ማን ሞተ?» በሏት። የምትሰሙት መልስ ከዩቲዩብ ክርክር ከሰማችሁት የተለየ ሊሆን ይችላል።

ከጎልጎታ በር ተነሥቶ የከተማዋን ቅጥር ያለፈ ሰው ሸለቆውን ተሻግሮ ወደ ደብረ ዘይት ተራራ ይወጣል። በተራራው አናት ላይ መስቀላውያን በ12ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ትንሽ ሕንጻ አለ። ኢየሱስ ያረገበት ነው ተብሎ ስለሚታመን ያኔ ጣሪያው ክፍት ነበር። ከ1187 በኋላ በሙስሊሞች እጅ ገባ፤ ጉልላት ተደፋበት፣ መስጊድም ሆነ። ወለሉ ላይ የእግሩ አሻራ ነው የሚባል ድንጋይ አለ። በዕርገት በዓል ክርስቲያኖች ፈቃድ እየተሰጣቸው በቅጥሩ ውስጥ ድንኳን ይተክላሉ፤ ገመዳቸውን የሚያስሩበት ብረት ከግድግዳው ላይ ተቸንክሯል። ጸሎቱ ሲያበቃ ድንኳናቸውን ነቅለው ይወርዳሉ፤ ቅጥሩም እስከሚቀጥለው ዓመት በሙስሊም ጠባቂው እጅ ይቆያል።